ካልሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ

በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። ከዚህ ውስጥ 99 በመቶው በአጥንትና በጥርስ ታስሮ የተቀመጠ ነው። በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወረው ተጠራቅሞ ቢመዘን ከ300 ሚሊግራም ብዙም አይዘልም፤ በሁለት ጣት ቆንጠር ተደርጎ የሚነሳ ያህል ነው። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ልብ ምቱን የሚጠብቀው፣ ደም የሚረጋው ግን በዚያ በኪሎው ሳይሆን በዚህች ቁንጣሪ ነው። ሰውነትም ለይቶ የሚጠብቀው እሷኑ ነው፤ ከምግብ የሚገኘው ቢጎድል አጥንቱን እየሸረሸረ ይሞላል እንጂ የደሙን አያስነካም።

በጤነኛ ሰው ይህ መጠን በአንድ ዴሲሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ባለ ጠባብ ክልል ውስጥ ውሎ ያድራል፤ ድንበሩ እንደየላቦራቶሪው በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ክልሉን የሚጠብቁት ፓራታይሮይድ የሚባሉት ዕጢዎች ናቸው። ሲያብጥ እንቅርት በሚሆነው በታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ተለጥፈው ይገኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ያክላሉ። ከማነሳቸው የተነሳ ለዘመናት የሰው ገላ ሲከፍቱ የኖሩ ሐኪሞች ሳያዩአቸው አልፈዋል። በ1850 አካባቢ (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን በመጀመሪያ ልብ አላቸው፤ ያገኛቸውም በሰው ላይ ሳይሆን በለንደን የእንስሳት ማቆያ በሞተ አውራሪስ ላይ ነበር። በሰው ላይ መኖራቸውን በ1880 ጽፎ ያሳወቀው የስዊድኑ ኢቫር ሳንድስትረም ነው።

እነዚህ ዕጢዎች የደሙን ካልሲየም በየቅጽበቱ ይቀምሳሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሕዋሳታቸው ላይ ካልሲየምን ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ አለ፤ ተመራማሪዎች ምንነቱን የለዩት በ1993 ነው። ካልሲየም ዝቅ ሲል ዕጢዎቹ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለቃሉ። ሆርሞኑ ከአጥንት ያስለቅቃል፤ ኩላሊት ወደ ሽንት ሊያወጣው የነበረውን እንዲመልስ ያደርጋል፤ ቫይታሚን ዲ ሥራ ወደሚሠራበት ቅርጽ እንዲለወጥ ያዛል፤ የተለወጠው ቫይታሚን ዲ ደግሞ አንጀት ከምግብ አብዝቶ እንዲስብ ያደርጋል። ካልሲየም ከፍ ሲል ሆርሞኑ ይመነምናል። እንግዲህ ካልሲየም ከልኩ የሚያልፈው ወይ ዘበኛው ራሱ ተበላሽቶ ሳያዙት ሲያስገባ፣ ወይ ዘበኛው በማይቆጣጠረው በር በኩል ሲገባ ነው። የመንስኤዎቹ ዝርዝር ረጅም ቢሆንም ማጠንጠኛው ይኸው ነው።

የላቦራቶሪውን ቁጥር ማንበብ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደም ካለው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ ነጻ ነው፤ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ይዞራል፤ የቀረው ጥቂት ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋህዷል። ሥራ የሚሠራውም ጉዳት የሚያደርሰውም ነጻው ነው። በጉበት በሽታ ወይም በካንሰር የከሳ፣ አልቡሚኑ የወረደ ሰው ጠቅላላ ካልሲየሙ ልክ መስሎ ነጻው በዝቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አልቡሚን ከ4 ግራም ለሚጎድለው ለእያንዳንዱ 1 ግራም 0.8 ሚሊግራም ካልሲየም እየደመሩ ማስላት የቆየ ልማድ ነው። ካልሲየሙ 10.2፣ አልቡሚኑ 2 የሆነ በሽተኛ በወረቀቱ ላይ ጤነኛ ነው፤ ሲሰላ ግን 11.8 ይሆናል። ተቃራኒው ስህተትም አለ። የደም ሥር አልገኝ ሲል ክንድ ላይ የታሰረው ላስቲክ ብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ በሽተኛው ጡጫውን ጨብጥ ፍታ ይባላል፤ በዚህ መሀል ውሃው ከደም ሥር ሾልኮ ፕሮቲኑ ይወፍራልና ካልሲየሙ በሐሰት ከፍ ብሎ ይነበባል። በአንድ ነጠላ ውጤት ማንንም በሽተኛ ማለት የማይገባው ለዚህ ነው፤ ምርመራው መደገም አለበት፤ መሣሪያው ካለም ነጻው ካልሲየም ለብቻው ይለካል።

እስከ 12 ያለው ቀላል፣ ከ12 እስከ 14 መካከለኛ፣ ከ14 በላይ ያለው ከባድ ተብሎ ይመደባል። ምደባው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፍጥነቱን አያሳይም። በዓመታት ቀስ ብሎ 13 የደረሰ ሰው ሥራውን እየሠራ ሊገኝ ይችላል፤ በሁለት ሳምንት እዚያው ቁጥር ላይ የወጣው ደግሞ ዘመዶቹን መለየት ያቅተዋል።

ካልሲየም ለሕይወት ያለውን ቦታ በግልጽ ያሳየው የሲድኒ ሪንገር የእንቁራሪት ልብ ሙከራ ነው። ሪንገር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ከገላ የወጣ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ሲመታ ያያል። ኋላ በተጣራ ውሃ ሲሞክረው ልቡ ወዲያው እየደከመ ቆመ። ነገሩን ሲያጣራ የመጀመሪያው ፈሳሽ የተዘጋጀው በከተማው የቧንቧ ውሃ ኖሯል፤ ልቡን ያቆየውም በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው። ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚሰቀለው ሪንገር የሚባለው ፈሳሽ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ካልሲየም ሲጎድል ልብ እንደሚቆም ከታየ፣ ሲበዛ ይበረታል ብሎ ማሰብ ይቀናል። በልብና በደም ሥር ጡንቻ ላይ ይህ በከፊል እውነት ነው። በነርቭ፣ በአንጀትና ከአጥንት ጋር በተያያዙ ጡንቻዎች ላይ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ የበዛ ካልሲየም ያደነዝዛል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ነርቭም ጡንቻም የሚቀሰቀሱት ሶዲየም በሽፋናቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ሲገባ ነው። ካልሲየም ከውጭ በኩል በበሮቹ ዙሪያ ይለጠፍና በሩን ለመክፈት የሚያስፈልገውን የኤሌክትሪክ ግፊት ከፍ ያደርገዋል። ካልሲየም ያነሰው ሰው በሮቹ በትንሹ እየተከፈቱ ጣቶቹ ይኮማተራሉ፣ ከንፈሩ ይወረዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። የበዛበት ሰው በሮቹ ይከብዳሉ። እግሩ ይዝላል፤ በተለይ ከመቀመጫ መነሳትና ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ጅማቱን በመዶሻ መታ ሲያደርጉት እግሩ እንደ ቀድሞው ፈጥኖ አይዘልም።

አእምሮም ከዚሁ አያመልጥም። መጀመሪያ የሚታየው ድካም ነው፤ ከዚያ ነገር መርሳት፣ ትኩረት ማጣት፣ መነጫነጭ ወይም ዝም ማለት ይከተላል። ከባድ ድብርት ይዞት በአእምሮ ሐኪም ሲረዳ ቆይቶ ኋላ ካልሲየሙ 13 ሆኖ የተገኘ በሽተኛ በሕክምና ጽሑፎች ብርቅ አይደለም። ቁጥሩ ከ14 ሲያልፍ ግራ መጋባትና የማያባራ እንቅልፍ ይመጣል፤ እየጨመረ ከሄደ ራስን ስቶ መውደቅ አለ። የእነዚህ ምልክቶች ክፋት ተራነታቸው ነው። የስድሳ ዓመት እናት «አቅም አጣሁ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ሆዴም ደርቋል» ብትል ልጆቿም ሐኪሟም የሚያስቡት እርጅናን፣ ጨጓራን ወይም ሐዘንን ነው። ካልሲየምን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ከሁሉም የአካል ክፍሎች ግን የነገሩ ማዞሪያ ኩላሊት ነው። ኩላሊቶች በቀን ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ያጣራሉ፤ 98 በመቶ ያህሉን መልሰው ወደ ደም ያስገባሉ። በሽንት የሚወጣው ከ100 እስከ 300 ሚሊግራም ነው። ካልሲየም ከልክ ሲያልፍ ኩላሊት ትርፉን ለማስወጣት ይሞክራል፤ ሙከራው ግን ውሃ ያስከፍለዋል። በፓራታይሮይድ ዕጢዎች ላይ ያለው ዓይነት ካልሲየም ቀማሽ ተቀባይ በኩላሊት ቱቦዎች ላይም አለ። ትርፍ ካልሲየም ሲቀምስ ጨው የሚቆጥበውን የቱቦ ክፍል ሥራ ያስፈታዋል። ሽንትን የሚያወፍረው የመጨረሻው ክፍል ደግሞ የውሃ በሮቹን ስለሚሰበስብ ከአንጎል የሚላከውን «ውሃ ቆጥብ» የሚል ሆርሞን መስማት ያቆማል። ውጤቱ ብዙ፣ ውሃ የመሰለ፣ ጠረን የሌለው ሽንት ነው።

በሽተኛው ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይነሳል፤ ማሰሮው ከራስጌው አይጠፋም። ቤተሰቡ «ስኳር ይዞታል» ይላል፤ ግምቱም ምክንያታዊ ነው፤ ምልክቱ አንድ ነውና። ስኳሩ ሲለካ ልክ ይሆናል። በብዙ ቦታ ነገሩ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ሊተው የማይገባውም እዚሁ ላይ ነው።

ሰውየው የወጣውን ያህል እየጠጣ እስከተካ ድረስ ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። አደጋው የሚጀምረው መጠጣት ሲያቅተው ነው። ተቅማጥ ቢይዘው፣ ቢያስመልሰው፣ በቆላ ሙቀት ላብ ቢያጥበው፣ ውሃ በማይቀመስበት ጾም ቢውል፣ ወይም አእምሮው ደክሞ ጥሙን መናገር ቢሳነው ሰውነቱ ይደርቃል። ሰውነት ሲደርቅ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ የሚጣራውም ያንሳል። ኩላሊት ውሃና ጨው ለማዳን ሲል ሶዲየምን አጥብቆ ይይዛል፤ በቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ካልሲየም ሶዲየምን ተከትሎ ስለሚመለስ አብሮ ይያዛል። በደም ያለው ካልሲየም ከፍ ይላል፤ የበለጠ ያሸናል፤ የበለጠ ያስታውካል፤ ድርቀቱ ይብሳል። አዙሪቱ አንዴ ከተነሳ ለዓመታት 11.5 ላይ የኖረ ካልሲየም በጥቂት ቀናት ውስጥ 15 እና 16 ሊደርስ ይችላል። አንድን ቀላል የላቦራቶሪ ግኝት ወደ ድንገተኛ ሕመም የሚያሻግረው፣ ከመንስኤው ይልቅ፣ ብዙ ጊዜ ይህ የውሃ ጉዳይ ነው።

በዝግታ የሚመጣው የኩላሊት ጉዳት ጠጠር ነው። ሽንት ውስጥ የበዛው ካልሲየም ከኦክሳሌት ወይም ከፎስፌት ጋር ይጋገራል። ሕመሙን የቀመሰ ሰው አይረሳውም፤ ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ቁጭ ቢሉት ቢተኙት የማይለቅ ነው። ጠጠሩ በሽንት መውረጃው ሳይሆን በራሱ በኩላሊት ሥጋ ውስጥ ሲጋገር ሕመም የለውም፤ ኩላሊቱን ግን ቀስ በቀስ ያከስመዋል። ጠጠር የያዘው ሁሉ የደም ካልሲየሙ በዝቷል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የአብዛኞቹ ልክ ነው። ጠጠር ሲደጋገም ግን የደም ካልሲየምን ሳይለኩ ማለፍ ስህተት ነው። በዚህ አጋጣሚ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው ውሃ የደምን ካልሲየም ያበዛል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ጤነኛ አንጀትና ጤነኛ ዕጢዎች ያንን ያህል ይቋቋማሉ።

ሆድ ዕቃን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የአንጀት ጡንቻ እንደ ሌላው ይደነዝዛል፤ ሆድ ይደርቃል፤ የሰውነቱ ድርቀት ደግሞ ያባብሰዋል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይከተላሉ። ካልሲየም የጨጓራን አሲድ የሚያስጨምር ሆርሞን ስለሚቀሰቅስ የጨጓራ ቁስለት አንዳንዴ አብሮ ይታያል። ከሁሉ የሚያሰጋው የቆሽት መቆጣት ነው። የቆሽት ኢንዛይሞች አንጀት ሲደርሱ መንቃት ሲገባቸው ካልሲየም በቦታቸው ያነቃቸውና ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል፤ ከእምብርት በላይ ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚሰነጥቅ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ካጋጠመ ግን ይገድላል።

በልብ ላይ ያለው ለውጥ በኢሲጂ ወረቀት ይነበባል። ልብ ከመታ በኋላ እስኪያርፍ የሚወስደው ጊዜ ያጥራል፤ በወረቀቱ ላይም ኪውቲ የሚባለው ርቀት ይጠብባል። በአብዛኛው ሰው ላይ ከዚህ አያልፍም። ካልሲየሙ እጅግ ከፍ ሲል ግን ምቱ ሊዘባረቅ ይችላል፤ ለልብ ድካም ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የደም ሥሮች ጡንቻ ስለሚጠብቅ የደም ግፊት ከፍ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ይህን ያህል ውሃ ያጣ ሰው ግፊቱ መውረድ ሲገባው ልክ ወይም ከፍ ያለ ሆኖ ይለካና የድርቀቱን ክብደት ይሸፍናል።

አጥንት ከሌሎቹ ይለያል፤ የካልሲየሙ ምንጭ እንጂ ሰለባው አይደለም። የሚጎዳው ከመጠን በላይ በሚፈሰው ፓራታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ያበዛል፤ በተለይ ጠንካራው የውጭ ቅርፊት ይሳሳል። ከድሮ ጀምሮ ምልክቱ የሚፈለገው በእጅ ጣቶች ራጅ ላይ ነው፤ የመሀለኛዎቹ የጣት አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ያለው ጠርዛቸው ብል እንደበላው ጨርቅ ተበጣጥሶ ይታያል። የራስ ቅል ራጅም በርበሬና ጨው እንደተነሰነሰበት ይነቆጣል። በሽታው ከገፋ አጥንት ውስጥ ቡናማ እብጠትና ባዶ ከረጢት ይፈጠራል፤ በቀላል መሰናከል ይሰበራል። ይህ መልክ ዛሬ ካልሲየም ቶሎ በሚለካባቸው አገሮች ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ እምብዛም አይገኝም። እዚያ የሚታየው ድምፅ የሌለው የአጥንት መሳሳት ነው፤ ይበልጥም ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ ባለው የክንድ አጥንት ላይ።

የአጥንቱና የዕጢው ዝምድና የተፈታው በስህተት በኩል ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሐኪሞች አጥንት ሲታመም ዕጢው ሊያግዝ ብሎ ያድጋል ብለው ያምኑ ነበር። የቪየናው ቀዶ ሐኪም ፊሊክስ ማንድል አልበርት ያኔ የሚባል፣ አጥንቱ እየተሰባበረ መራመድ ያቃተው የትራም ሠራተኛ ሲቀርብለት በዚሁ እምነት የዕጢ ጭማቂ ሰጠው፤ ከሌላ ሰው የተወሰደ ዕጢም ተከለለት። አልተሻለውም። በ1925 ማንድል አንገቱን ከፍቶ ያበጠውን ዕጢ አወጣ። ሕመምተኛው እያገገመ ሄደ፤ ቆሞም ተራመደ፤ ከዓመታት በኋላ ግን በሽታው ተመልሶበት ሞቷል።

በአትላንቲክ ማዶ የተፈጸመው የበለጠ ልብ ይነካል። ቻርልስ ማርቴል የንግድ መርከብ ካፒቴን ነበር፤ ረጅምና ትከሻው ሰፊ። አጥንቱ እየተጣመመ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል አጠረ። በ1926 በሽታው ታወቀ፤ አንገቱ በተደጋጋሚ ቢከፈትም ያበጠ ዕጢ አልተገኘም። እንደሚነገረው ስለ ዕጢዎቹ አፈጣጠር ራሱ ያነብ ነበር፤ ደረቱ ውስጥ እንዲፈለግለትም ወተወተ። በ1932 ቦስተን ውስጥ በሰባተኛው ቀዶ ሕክምና ዕጢው ደረቱ ውስጥ ተገኘ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር፤ ኩላሊቶቹ በጠጠር ተጎድተዋል። ከሳምንታት በኋላ የሽንት መውረጃውን የዘጋውን ጠጠር ለማውጣት የተደረገለትን ቀዶ ሕክምና ተከትሎ ሞተ። ካፒቴኑን መጨረሻ ላይ የጣለው ከአጥንቱ ይልቅ ኩላሊቱ መሆኑ ከላይ የተባለውን ያጠናክራል።

ካልሲየም ከፎስፌት ጋር ሲገናኝ በማይገባው ቦታም ይጋገራል። በዓይን ብሌን ላይ ከዳር ተነስቶ ወደ መሀል የሚሄድ ነጭ መቀነት ይሠራል፤ በመገጣጠሚያ፣ በሳንባና በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቆዳን ያሳክካል። ይህ የሚከፋው ፎስፌታቸውም በሚበዛው በኩላሊት ድካም ሕመምተኞች ላይ ነው።

መንስኤውን በተመለከተ ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ ከሁለት በሽታዎች የአንዱ ሥራ ነው። አንደኛው የፓራታይሮይድ ዕጢ መታወክ ነው፤ በአብዛኛው ከአራቱ አንዷ ብቻ ካንሰር ባልሆነ እብጠት ታድጋለች። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ በዝግታ ይሄዳል። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ በ1974 የደም ምርመራ መሣሪያዎች ካልሲየምን ለሁሉም በሽተኛ መለካት ሲጀምሩ የሚገኘው በሽተኛ ቁጥር በአንድ ጊዜ አሻቀበ፤ በሽታው ድሮም ነበር፤ የሚፈልገው አልነበረም። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ካልሲየም የዘወትር ምርመራ አይደለም፤ እንዲህ ባለ ቦታ በሽታው የሚታወቀው ጠጠር ወይም ስብራት ሆኖ ሲመጣ ነው። ሁለተኛው ካንሰር ነው፤ በተለይ የጡት፣ የሳንባ፣ የኩላሊትና የመቅኔ። አንዳንዱ ካንሰር አጥንት ውስጥ ገብቶ ይንደዋል፤ ሌላው በ1987 የተለየ፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞንን የሚመስል ፕሮቲን ያመርታል። ይህኛው በቀናትና በሳምንታት ይከንፋል። ሁለቱን ለመለየት የሚበቃ አንድ ምርመራ አለ፤ ፓራታይሮይድ ሆርሞኑ ከፍ ካለ ወይም መውረድ ሲገባው ካልወረደ ዘበኛው ተበላሽቷል፤ ከጠፋ ካልሲየሙ በሌላ በር እየገባ ነው።

ከቀሩት መንስኤዎች ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ሳንባ ነቀርሳ ነው። ባክቴሪያውን ከበው የሚይዙት የመከላከያ ሕዋሳት ቫይታሚን ዲን ያለ ኩላሊት ፈቃድ ወደሚሠራው ቅርጹ ይለውጡታል። በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ጭማሪው ትንሽ ነው፤ በላዩ የቫይታሚን ዲ ኪኒን ሲታከልበት ግን ሊያሻቅብ ይችላል።

ኪኒኖች ራሳቸው ለብቻቸው ይበቃሉ። በ1915 የቺካጎው በርትራም ሲፒ የጨጓራ ቁስለትን በየሰዓቱ በሚሰጥ ወተትና አሲድ ማብረጃ ማከምን አስተዋወቀ፤ ዘዴው ሲስፋፋ ካልሲየማቸው የናረ፣ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች መታየት ጀመሩ። ዛሬ ያው ነገር የካልሲየም ካርቦኔት እንክብል አብዝተው በሚወስዱ ላይ ይደገማል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ የሕፃናት ወተትና ገንፎ ላይ ቫይታሚን ዲ ሲበዛበት ክብደት የማይጨምሩ፣ የሚያስታውኩ ሕፃናት በዙ፤ መጠኑ ተቀነሰ። ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ የቫይታሚን ጠርሙስም ጥንቃቄ ይሻል፤ በሳምንት አንዴ እንዲወሰድ የተሠራው የ50,000 ዩኒት እንክብል በየቀኑ ሲዋጥ መርዝ ይሆናል። ቫይታሚን ዲ ስብ ውስጥ ስለሚከማች ቢያቆሙትም ጉዳቱ ለሳምንታት ይቆያል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የግፊት መድኃኒትና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየምም ካልሲየምን ከፍ ያደርጋሉ። በቤተሰብ የሚወረስ፣ ዕድሜ ልክ ካልሲየምን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ የሚያቆይ ግን በአብዛኛው የማይጎዳ ሁኔታም አለ፤ መለያው በሽንት የሚወጣው ካልሲየም ትንሽ መሆኑ ነው። ይህ ሳይለይ አንገቱ በከንቱ የተከፈተ ሰው ጥቂት አይደለም። ጤፍ፣ ወተትና ጎመን ግን ከዚህ ክስ ነጻ ናቸው፤ ጤነኛ ሰው በምግብ ብቻ ካልሲየሙ አይበዛበትም።

ሕክምናው የሚጀምረው አዙሪቱን በመስበር፣ ማለትም በውሃ ነው። ሕዝቡ የሚሰቀለውን ሁሉ «ግሉኮስ» ይለዋል፤ እዚህ የሚፈለገው ግን በመቶ 0.9 የሆነ የጨው ውሃ ነው። ድርቀቱ ሲሞላ ኩላሊት ሶዲየሙን ይለቃል፤ ካልሲየሙም ተከትሎ ይወጣል። ልቡና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፈሳሹ ሳንባው ላይ እንዳይተኛበት በቅርብ ይጠበቃል። የሚያሸናው ፉሮስማይድ ድሮ ለሁሉም ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ፈሳሽ ለበዛበት ሰው ብቻ ይቀመጣል፤ ገና ያልረጠበን ሰው ማሸናት ድርቀቱን መመለስ ነውና። ካልሲቶኒን የሚባለው መርፌ በሰዓታት ውስጥ ቁጥሩን ያወርዳል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ግን ሰውነት ይለምደዋል። በዚህ መሀል አጥንት በሊ ሕዋሳትን የሚያስታግሰው ዞሌድሮኒክ አሲድ 4 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ ሥራው ከሁለት እስከ አራት ቀን ይወስዳል፤ ለሳምንታት ግን ይቆያል። ለቫይታሚን ዲ ትርፍ፣ ሊምፎማ ለሚባለው ካንሰርና ለመሳሰሉት ስቴሮይድ ይረዳል፤ ኩላሊት ላልሠራለት ሰው ዲያሊሲስ አለ።

የዕጢው በሽታ ዘላቂ መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ነው። ካልሲየሙ ከላይኛው ድንበር ከ1 ሚሊግራም በላይ ላለፈ፣ ዕድሜው ከ50 በታች ለሆነ፣ አጥንቱ ለሳሳ፣ ጠጠር ላለበት ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይመከራል። ለሌላው በየጊዜው መለካት ይበቃል፤ ውሃ ማዘውተርም ያስፈልጋል። ወተት እንዲተው የሚሰጠው ምክር ግን ይጎዳል፤ የምግብ ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞኑ ይበልጥ ይጨምራል፤ ጉድለቱን የሚከፍለው አጥንት ነው።

ያበጠችው ዕጢ ከወጣች በኋላ ያሉት ቀናት የራሳቸው ባሕርይ አላቸው። ቀሪዎቹ ሦስት ዕጢዎች ለዓመታት ሥራ ፈትተው ስለነበር ለመንቃት ጊዜ ይፈልጋሉ። በዚህ መሀል የተራቆተው አጥንት ከደሙ ካልሲየሙን መልሶ ይውጣል። ለወራት ሲዝልና ሲተኛ የነበረው ሕመምተኛ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከንፈሩን መውረር፣ ጣቶቹን መቆንጠጥ ይጀምረዋል። ያኔ አስታማሚው ከራስጌው የሚያኖርለት የካልሲየም ኪኒን ነው።